ካፕሱሉን ከፍተው የቀመሱት ሰዎች፦ ቫይታሚን ሲ፣ ጉንፋንና አንድ የተበላሸ ሙከራ

ጉዳዩ የተፈጸመው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ቤተስዳ ውስጥ ነው። ቦታው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች የሚባለው የአገሪቱ መንግሥት የሕክምና ምርምር ተቋም። ጊዜው የ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 311 የተቋሙ ሠራተኞች ለአንድ ሙከራ በፈቃዳቸው ተመዘገቡ። ሥራቸው ለዘጠኝ ወር በየቀኑ ሦስት ጊዜ ካፕሱል መዋጥ ነው። የአንዳንዱ ካፕሱል ውስጥ ቫይታሚን ሲ አለ። የሌላው ውስጥ የወተት ስኳር ብቻ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሰጪውም ወሳጁም እንዳያውቁ ነው የታሰበው። ሊመለስ የተፈለገው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ሰው ዛሬም የሚጠይቀው ነው፤ ቫይታሚን ሲ ጉንፋንን ይከላከላል ወይ? አንዴ ከያዘስ ያሳጥረዋል ወይ?

ሠራተኞቹ ግን ካፕሱሉን እየከፈቱ ቀመሱት።

ውጤቱ በ1975 ጃማ በሚባለው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሙከራው በሕክምና ምርምር ማስተማሪያዎች ውስጥ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ኖሯል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባጭሩ ነው፦ ቫይታሚን ሲ አይሠራም፤ የሠራ የመሰለው ሰዎቹ ምን እንደሚውጡ ስላወቁ ነው። እኔ ይሄ አነጋገር ከሚገባው በላይ የተጣደፈ ነው ባይ ነኝ። ሙከራውን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው፣ ስለ ቫይታሚን ሲ አዎም አይደለምም ለማለት የማያበቃ ሆኖ ነው የቀረው። ትክክለኛው መልስ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። መልሱም ደጋፊዎቹም ተቃዋሚዎቹም እንደጠበቁት አልሆነም።

ነገሩ ከየት መጣ

ከላይነስ ፖሊንግ። ፖሊንግ ኬሚስት ናቸው እንጂ ሐኪም አይደሉም። ግን ተራ ኬሚስትም አልነበሩም። በ1954 የኬሚስትሪ፣ በ1962 የሰላም ኖቤል ተሸልመዋል። ሁለት የኖቤል ሽልማት ከማንም ሳይጋራ ለብቻው የወሰደ ሌላ ሰው እስካሁን የለም። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር ሕዝብ ይሰማል።

በ1966 ኧርዊን ስቶን የሚባሉ ባዮኬሚስት ለፖሊንግ ደብዳቤ ጻፉላቸው። በየቀኑ ቫይታሚን ሲ በብዛት ቢወስዱ ዕድሜዎ ይረዝማል የሚል ምክር ነው። ፖሊንግና ባለቤታቸው ሞከሩት። ጉንፋን በጣም ቀነሰልን አሉ። በ1970 ፖሊንግ ስለ ቫይታሚን ሲና ስለ ጉንፋን መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። ቫይታሚን ሲም አብሮ ተሸጠ፤ ከመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ እስኪጠፋ ድረስ።

የፖሊንግ ክርክር ባዶ አልነበረም። በተለይ የተንተራሱት በ1961 ስዊዘርላንድ ውስጥ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ካምፕ በ279 ሰዎች ላይ የተሠራ ሙከራ ነው። በቀን 1 ግራም ቫይታሚን ሲ የወሰዱት በጉንፋን የታመሙባቸው ቀናት አነስተኛ ሆነው ተገኝተዋል። ይህን ካምፕ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል። በሌላ በኩል ደግሞ በ1942 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ላይ የተሠራ ሙከራ ነበር። ይህን ያህል የሚያስደስት ነገር አላገኘም። እንግዲህ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ። ሐኪሞቹ ተቆጡ፣ ሕዝቡ ገዛ፣ ፖሊንግ ተከራከሩ። ነገሩን የሚቆርጥ ሙከራ ያስፈልግ ነበር።

ችኮላው

ሙከራውን የሠሩት ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ የማያውቁ አልነበሩም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ቶማስ ቻልመርስ ናቸው። በጊዜው የተቋሙን ሆስፒታል ይመሩ ነበር። አዲስ ሕክምና ሲመጣ ገና ከመጀመሪያው በሽተኛ ጀምሮ ሰው በዕጣ ይመደብ ብለው ሲሟገቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ጥሩ ሙከራ አሠራር በዚያ ዘመን ከእሳቸው በላይ የሚጨነቅ ሰው መፈለግ ያስቸግራል።

አሠራሩም በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። በጎ ፈቃደኞቹ በዕጣ ለአራት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በየቀኑ 3 ግራም ቫይታሚን ሲ ይወስዳል፤ ጉንፋን ሲጀምረው ሌላ 3 ግራም ይጨመርለታል። ሁለተኛው በየቀኑ ቫይታሚኑን ይወስድና ሲታመም የሚጨመርለት የወተት ስኳር ነው። ሦስተኛው የዚህ ግልባጭ ነው፤ በየቀኑ ስኳር፣ ሲታመም ቫይታሚን። አራተኛው ሁሌም ስኳር። በዚህ መንገድ መከላከልና ማከም ተለያይተው ሊታዩ ይችላሉ። ይሄ ልብ ያለው ሐሳብ ነው። ዛሬም ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

መጠኑን ለመገመት ያህል፦ ዛሬ በአሜሪካ ለአዋቂ ወንድ የሚመከረው በቀን 90 ሚሊግራም፣ ለሴት 75 ሚሊግራም ነው። የመጀመሪያው ቡድን በታመመ ጊዜ በቀን የሚወስደው 6 ግራም ለወንድ ከሚመከረው ስልሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ስህተቱ የገባው በማስመሰያው፣ ማለትም ቫይታሚን መስሎ በሚሰጠው የወተት ስኳር በኩል ነው። ቫይታሚን ሲ አሲድ ነው፤ የኬሚካል ስሙም አስኮርቢክ አሲድ። ምላስ ላይ ሲያርፍ ይኮመጥጣል። ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ደግሞ ለዘብ ያለ ጣፋጭነት አለው። ካፕሱሉ እስካልተከፈተ ድረስ ልዩነቱ አይታወቅም። ከተከፈተ ግን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ለምን ኮምጣጣ ማስመሰያ አላዘጋጁም? አዘጋጆቹ ራሳቸው በጽሑፋቸው ላይ ተናግረውታል። የጉንፋን ወቅት እየደረሰ ነበር። ወቅቱ እንዳያመልጣቸው ቸኮሉ። ከቫይታሚን ሲ የማይለይ ማስመሰያ ለመሥራትና ለመፈተሽ ጊዜ አልነበረም። ባለው ጀመሩ።

ላይ ላዩን ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ እነማን እንደሆኑ አስቡ። የምርምር ተቋም ሠራተኞች ናቸው። ፖሊንግን የማያውቅ የለም፤ ጋዜጣው ሁሉ ስለ ቫይታሚን ሲ ነው። እንዲህ ላለ ሰው የማይታወቅ ካፕሱል ሰጥቶ «ብቻ ዋጥ፣ አትመርምር» ማለት ከባድ ነው። ደግሞ ለአንድ ሳምንት አይደለም፤ ለዘጠኝ ወር ነው።

ምን ተገኘ

ሙከራው ገና ብዙ ሳይሄድ ካፕሱል የሚቀምሱ ሰዎች እንዳሉ ተሰማ። አዘጋጆቹ ነገሩን አልሸፋፈኑትም። ለዚህ ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል። መጨረሻ ላይ ለተሳታፊዎቹ መጠይቅ ሰጡ፦ ስትወስዱት የነበረው ቫይታሚኑን ነው ወይስ ማስመሰያውን? ብዙዎቹ መልስ ነበራቸው። ከመለሱት ውስጥም አብዛኞቹ ትክክል ነበሩ። በግምት ብቻ ቢሆን ግማሽ ግማሽ መሆን ነበረበት።

ሌላም ምልክት ነበር። ከ311 ሰዎች እስከ መጨረሻ የዘለቁት 190 ናቸው። ቢያንስ ለአንድ ወር ካፕሱሉን ያልወሰደ ሰው እንደ አቋራጭ ተቆጥሯል። ከማስመሰያው ቡድን ያቋረጡት 44 በመቶ፣ ከቫይታሚኑ ቡድን 34 በመቶ ናቸው። የወተት ስኳር እየዋጡ መሆናቸውን ያወቁ ሰዎች ምን አደከመኝ ቢሉ አይገርምም። እኔም ብሆን አቋርጣለሁ።

አሁን ወደ ጉንፋኑ። ሁሌም ስኳር የወሰደው ቡድን ጉንፋን በአማካይ ከ7 ቀን ትንሽ አለፍ ብሎ ቆየ። በየቀኑም ሲታመምም ቫይታሚን የወሰደው ቡድን 6 ቀን ገደማ። መሐል ያሉት ሁለት ቡድኖች መሐል ላይ ወደቁ። በመቶኛ ሲታይ 6 ግራም የወሰዱት ጉንፋን 17 በመቶ ያህል፣ 3 ግራም የወሰዱት 9 በመቶ ያህል አጠረ። የጉንፋኑ ቁጥር ግን ይህን ያህል አልቀነሰም። ቫይታሚኑን የወሰደም ያልወሰደም ይይዘው ነበር።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ፖሊንግ በከፊል ትክክል ነበሩ ይባል ነበር። አዘጋጆቹ ግን መጠይቁን አንስተው ሰዎቹን እንደገና ለሁለት ከፈሉ፤ ምን እንደሚወስዱ በትክክል የገመቱና ያልገመቱ ብለው። ካልገመቱት መሐል በቫይታሚንና በስኳር ወሳጆች መካከል የሚታይ ልዩነት ጠፋ። ከገመቱት መሐል ግን ልዩነቱ በጣም ትልቅ ሆነ። ስለዚህ እንዲህ ደመደሙ፦ ቫይታሚን ሲ ቢበዛ ቢበዛ በጉንፋን ቆይታና ክብደት ላይ ትንሽ ተጽዕኖ ነው ያለው። እሱም ቢሆን የምስጢሩ መውጣት ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ጉንፋን መቼ ነው የሚያልቀው?

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። የጉዳዩ እምብርት ይሄ ነው።

አጥንት ሲሰበር ራጅ አለ። የደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል። ጉንፋን ግን መቼ ጀመረ፣ መቼ አለቀ የሚለውን የሚወስነው ታማሚው ራሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ጉሮሮዬ ትንሽ ከረከረኝ፤ ጉንፋን ነው ወይስ አቧራ? ንፍጡ ቆሟል፣ ሳሉ ግን ማታ ማታ አለ፤ ድኛለሁ ልበል ወይስ አልዳንኩም? እነዚህን የሚመልሰው ሰው ቫይታሚን እየወሰደ መሆኑን ካወቀ «ኧረ ደህና ነኝ» ለማለት ይፈጥናል። መዋሸቱ አይደለም። በእውነትም ቀለል ብሎት ሊሆን ይችላል። ስኳር እየወሰደ መሆኑን ያወቀው ደግሞ የቀረችውን ትንሽ ማስነጠስ እንኳ ይመዘግባል። «ምን ወስጄ ልዳን?» ነው ነገሩ። ግምቱ ስለዚህ በሁለቱም በኩል ይጎትታል፤ አንዱን ያሳጥራል፣ ሌላውን ያስረዝማል።

በዚያ ላይ ጉንፋን ብቻውን የሚድን በሽታ ነው። ከ200 በላይ ቫይረሶች ያመጡታል። ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ምንም ብትወስድ ይለቃል። በሦስተኛው ቀን፣ በጣም በከፋበት ሰዓት፣ አንድ ነገር የወሰደ ሰው በማግስቱ ሊሻለው የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ምስጋናውን የሚወስደው ግን የተዋጠው ነገር ነው። የእያንዳንዳችን «እኔን ረድቶኛል» የሚል ምስክርነት ከዚህ አያመልጥም። የሁለት ኖቤል ባለቤትም አላመለጡም።

የክርክሩ ሁለተኛ ዙር

ቻልመርስ በዚያው በ1975 እስከዚያ ድረስ የተሠሩትን ሙከራዎች ሰብስበው ሌላ ጽሑፍ አወጡ። የአማካዩ ልዩነት 0.11 ቀን ነው አሉ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሐኪም ጉዳዩን ዘጋው። ቫይታሚን ሲ ለጉንፋን? ተረት ነው ተባለ።

ያልዘጋው ሰው ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሃሪ ሄሚላ የሚባሉ ፊንላንዳዊ ተመራማሪ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አሮጌዎቹን ሙከራዎች አንድ በአንድ እያወጡ አገላበጧቸው። በ1996 ስለ ቤተስዳው ሙከራ የጻፉት ትችት ጠንካራ ነው። በገመቱና ባልገመቱ ከፍሎ በማስላት ሂደት ብዙ የጉንፋን አጋጣሚዎች ከስሌቱ ውጭ ቀርተዋል አሉ። ሌላም አነሱ። ልዩነቱ የግምት ብቻ ከሆነ 6 ግራም የወሰዱት ከ3 ግራሞቹ እጥፍ የሚጠጋ ጥቅም ለምን አገኙ? ምላስ ቫይታሚን መሆኑን ይነግራል እንጂ ግራሙን አይቆጥርም።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። መጠይቁ የተሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ሰው ዘጠኝ ወሩን ሙሉ ጉንፋኑ ቀለል ብሎለት ከከረመ፣ ሳይቀምስም «የወሰድኩት ቫይታሚኑን መሆን አለበት» ሊል ይችላል። በጉንፋን ሲሠቃይ የከረመውም «የኔ ስኳር ነው» ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ ግምቱ ውጤቱን አላመጣም፤ ውጤቱ ነው ግምቱን ያመጣው። የቱ ቀደመ? ካለው መረጃ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ነው ሙከራው ለማንም ማስረጃ አይሆንም ያልኩት። ለፖሊንግም፣ ለፖሊንግ ተቃዋሚዎችም።

በኮምጣጣ ማስመሰያ የተሠራ ሙከራ ግን ነበር። ያውም ከቤተስዳው ቀድሞ የታተመ። ቴሬንስ አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው በ1972 ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ በ818 ሰዎች ላይ የሠሩት ነው። በየቀኑ 1 ግራም፣ ጉንፋን ሲጀምር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 4 ግራም። የጉንፋኑ ቁጥር ላይ ያገኙት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ነገር ግን ሰዎቹ በሕመም ምክንያት ቤት የዋሉባቸው ቀናት በቫይታሚኑ ቡድን 30 በመቶ ያህል አነሱ። ይህን ተመራማሪዎቹም አልጠበቁትም። በኋላ ያደረጉት ሰፋ ያለ ሙከራ ግን እንደ መጀመሪያው የጠራ ውጤት አልሰጠም።

እንዲህ እንዲህ እያለ አራት አሥርት ዓመታት ነጎዱ።

ተደምሮ ሲታይ

በ2013 ሄሚላና ኤልዛቤት ቻከር የታወቀውን የኮክሬን ግምገማ አወጡ። ኮክሬን የሕክምና ሙከራዎችን እየሰበሰበ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ቫይታሚኑን በየቀኑ መውሰድ ጉንፋን እንዳይዝ ይረዳ እንደሆነ ለማየት 29 ንጽጽሮችን፣ 11,306 ሰዎችን ደመሩ። መልሱ፦ ለተራው ሰው አይረዳም። ቢወስድም ባይወስድም ጉንፋን የሚይዘው በእኩል ደረጃ ነው።

አንድ የተለየ ቡድን ግን አለ። የማራቶን ሯጮች፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎችና በብርዳማ ቦታ ልምምድ ላይ የነበሩ ወታደሮች። በአምስት ሙከራዎች የተካተቱ 598 ሰዎች ናቸው። እነዚህ ላይ የጉንፋን ዕድል በግማሽ ቀነሰ። ያዙልኝ ያልኳችሁ የስዊዘርላንዱ ካምፕ ከእነዚህ አንዱ ነው። ፖሊንግ የተንተራሱበት ሙከራ ውሸት አልነበረም። ችግሩ ቀኑን ሙሉ በብርድ ሰውነቱን ሲያደክም ከሚውል ሰው ላይ የተገኘውን ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ሁሉ ማደላቸው ነው።

የጉንፋኑ ርዝመትስ? በየቀኑ ሳያቋርጡ በሚወስዱ አዋቂዎች 8 በመቶ፣ በልጆች 14 በመቶ ያህል አጠረ። 8 በመቶ ማለት የሰባት ቀን ጉንፋን ላይ ግማሽ ቀን ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ያንን ግማሽ ቀን ለማግኘት ግን ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ መዋጥ ያስፈልጋል። ያዋጣል? ለኔ አያዋጣም። ለሌላው ሊያዋጣ ይችላል።

ጉንፋኑ ከጀመረ በኋላ መጀመርስ? ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው። አስነጠሰው፣ ሄዶ ገዛ፣ አንድ ሁለት ዋጠ። በዚህ መንገድ የተሠሩት ሙከራዎች ላይ ወጥ የሆነ ጥቅም አልታየም። ግምገማው እንዲያውም እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ገና ይሠሩ ብሎ ነው የተወው።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ሰውነታችን ራሱ በከፊል ይመልሳል። ነጭ የደም ሴሎች ቫይታሚን ሲን ከደም እየመጠጡ ያከማቻሉ። በሽታ ለመከላከል እንደሚጠቀሙበት አያጠራጥርም። እጥረቱ ስከርቪ የሚባለውን በሽታ ያመጣል፣ በሽታ የመቋቋም አቅምንም ያዳክማል። ሆኖም ማከማቻው ገደብ አለው። በ1996 እዚያው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ውስጥ ማርክ ሌቪንና ባልደረቦቻቸው በሰባት ጤነኛ ወጣት ወንዶች ላይ ደረጃ በደረጃ መጠኑን እየጨመሩ ለኩ። በቀን 100 ሚሊግራም ላይ ሴሎቹ ሞሉ። ከ200 ሚሊግራም በላይ በደም ውስጥ የሚጨመረው እያነሰ ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ከ1 ግራም በላይ ሲወሰድ አንጀት የሚቀበለው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ የገባውንም ኩላሊት በሽንት ይሸኘዋል። የሞላ እንስራ ላይ ውኃ መጨመር ነው። እንስራው ጎዶሎ ለሆነበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በምግብ የሚያገኘው አነስተኛ የሆነ ሰው፣ አጫሽ፣ ወይም ሰውነቱን ከመጠን በላይ የሚያደክም ሰው ማከማቻው በቀላሉ ይጎድላል።

ኮቪድ ሲመጣ

በ2020 ታሪኩ እንደገና ተነሣ። ቫይረሱ አዲስ ነው፣ መድኃኒት የለም፣ ቫይታሚን ሲ ርካሽ ነው። ክሊቭላንድ ክሊኒክ የሚባለው የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ214 የኮቪድ ታማሚዎች ላይ ሙከራ ጀመረ። ሰዎቹ ሆስፒታል ያልተኙ ናቸው። በዕጣ ለአራት ተከፈሉ፦ በቀን 8 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 50 ሚሊግራም ዚንክ፣ ሁለቱም፣ ወይም ከተለመደው እንክብካቤ ሌላ ምንም። አከፋፈሉ ቤተስዳን ያስታውሳል። ልዩነቱ እዚህ ማስመሰያ ጭራሽ አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚወስድ ያውቃል።

ስለዚህ በቤተስዳው ስሌት ቫይታሚን ወሳጆቹ ከሚገባቸው በላይ የዳኑ መስለው መታየት ነበረባቸው። የሕመም ምልክቱ በግማሽ እስኪቀንስ ምንም ያልተሰጣቸው 6.7 ቀን ፈጀባቸው፤ ቫይታሚን ሲ የወሰዱት 5.5። አንድ ቀን ገደማ። ነገር ግን ይህ ልዩነት ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። ሙከራው ውጤት አያመጣም ተብሎ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ፤ በ2021 ታተመ። ከፍተኛ መጠን የወሰዱት ላይ ደግሞ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት በዛ። ግምቱ ሊያግዘው የሚችልበት በር ሁሉ ተከፍቶለት እንኳ ቫይታሚኑ አላሳመነም። ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ «አይሠራም» ይሄ ነው።

በጠና ለታመሙት በደም ሥር መስጠትም ተሞክሯል። በ2023 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት 2,590 ሆስፒታል የተኙ የኮቪድ ታማሚዎችን አካቷል። ጥቅም አልተገኘም፤ ይልቁንም ሊጎዳ ይችላል የሚል ጥርጣሬ ስለበረታ ቆመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ኢንፌክሽን ደማቸውን በመረዘባቸው 872 ጽኑ ሕሙማን ላይ የተሠራ ሙከራ ነበር። የሞቱትና የአካል ክፍላቸው በመሣሪያ ወይም በመድኃኒት መታገዝ የቀጠለው ሰዎች ድምር ቫይታሚን ከተሰጣቸው መሐል 44.5 በመቶ፣ ማስመሰያ ከተሰጣቸው መሐል 38.5 በመቶ ሆነ። «ቢረዳ ይረዳል፣ ባይረዳም አይጎዳም» የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። ለጽኑ ሕሙማን ቢያንስ።

ቫይታሚን ዲም ተመሳሳይ መንገድ ነው የሄደው፤ ስለሱ ባጭሩ። በእንግሊዝ 6,200 አዋቂዎችን ያሳተፈ ሙከራ እጥረት ያለባቸውን እየመረመረ ቫይታሚን ዲ ሰጠ። በኖርዌይ 34,601 ሰዎች ቫይታሚን ዲ ያለበትን ኮድ የሚባል ዓሣ የጉበት ዘይት ወይም ማስመሰያ ዘይት ወሰዱ። ሁለቱም በ2022 ታተሙ። በሁለቱም ኮቪድም ሌላ የመተንፈሻ ኢንፌክሽንም አልቀነሰም። የእንግሊዙን የመሩት አድሪያን ማርቲኖ በ2017 ቫይታሚን ዲ የመተንፈሻ ኢንፌክሽንን በመጠኑ ይከላከላል የሚለውን ግምገማ ያወጡት ሰው ናቸው። የራሳቸውን ተስፋ የሚያዳክም ውጤት ሳያቅማሙ አሳትመዋል።

እንግዲህ ጉንፋን የያዘው ሰው ምን ያድርግ?

ቫይታሚን ሲ መውሰድ ከፈለገ ጤነኛ አዋቂን በትንሽ መጠን የሚጎዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው የላይኛው ገደብ በቀን 2 ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ተቅማጥ የተለመደ ነው። የኩላሊት ጠጠር አጋጥሞት የሚያውቅ ሰው፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውና ሰውነቱ ብረት ከመጠን በላይ የሚያከማችበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ከፍተኛ መጠን ባይነካ ይሻለዋል። ቫይታሚን ሲ በሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ ኦክሳሌት ይቀየራል፤ ብዙዎቹ የኩላሊት ጠጠሮች የሚሠሩት ከዚሁ ነው። ብረት ከምግብ እንዲገባም ይረዳል። የስኳር ሕመም ኖሮበት በቤቱ የሚለካ ሰው ደግሞ ከፍተኛ መጠን አንዳንድ የመለኪያ መሣሪያዎችን እንደሚያሳስት ይወቅ።

ያለዚያ እረፍት፣ በቂ ፈሳሽና ለትኩሳቱ የተለመደው ማስታገሻ ይበቃል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ፣ ትኩሳቱ ለቀናት አልወርድ ካለ ወይም ታማሚው ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ከሆነ ግን ነገሩ የጉንፋን ላይሆን ይችላል። ያኔ ወደ ሐኪም ቤት ነው፤ ቫይታሚኑ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ቀን መቁጠር አይደለም።